የወንዙ እናት በየት በኩል ናት?

ሱማና ኪምባ በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በመንግሥታት ፊት የተነበበለት አንድ ቃል ብቻ ነው። ያንን ቃል ጥቁር ካባ የለበሱ ዳኞች መዝግበውታል፣ የሁለት አገር ጠበቆች ተነታርከውበታል። እሱ ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነበር።

ሱማና ጀልባ ገፊ ነው። ቀዛፊ ብላችሁ ብትጠሩት ይቀየማል። ቀዛፊ ማንም ይሆናል፤ መቅዘፊያ ይዞ ውሃ መደብደብ ነው። ገፊ ግን የቁመቱን ሦስት እጥፍ የሚሆን ዘንግ ይዞ ከጀልባው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ዘንጉን ከወንዙ ወለል ላይ ተክሎ ጀልባውን ከነሰዉ፣ ከነፍየሉ፣ ከነሩዝ ጆንያው ወደ ፊት ይሰደዋል። ሱማና ዘንጉ ታች ሲነካ፣ ያለው አሸዋ ይሁን ጭቃ፣ ጭቃውም የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ በመዳፉ ያውቅ ነበር። ሶርኮ ስለሆነ ማንም አይገረምበትም። ሶርኮዎች የኒጀር ወንዝ ባለአባቶች ናቸው። መንግሥት ግብሩን ይሰብስብ እንጂ ውሃው የእነሱ ነው፤ እኛ ገበሬዎቹም እንኳ ይህን አንከራከርም።

መንደራችን ቶንዲ ኮይራ በወንዙ ሰሜን ዳርቻ፣ በኒጀር በኩል ናት። ማዶው ቤኒን ነው። በመካከል ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ያቀፈው ደሴት አለ፤ ዳንዱ ጉንጉ እንለዋለን። ለም መሬት ነው። ከወዲህም ከወዲያም ያለ ሰው ይዘራበት፣ ከብቱን ያሰማራበት ነበር። ሲጣሉ በዱላ ይፈነካከታሉ፣ ከዚያ ጋያ ገበያ ላይ ተገናኝተው እየተሳሳቁ ይታረቃሉ። የሱማና ልጅ ዛሊካ ከባሏ ከሙንካይላ ጋር ጎጆ የቀለሰችው እዚያ ነው። የሩዝ ማሳዋን ራሷ መንጥራ፣ ራሷ ከትራ፣ በየዓመቱ ጎንበስ ብላ የምትተክለው እሷ ነበረች። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ሥራ ላይ ግን እምብዛም ነው።

ኋላ ሁለቱ መንግሥታት ደሴቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባሉና በሩቅ አገር ወዳለው የመንግሥታት ፍርድ ቤት ሄዱ። መቼም ከመዋጋት ይሻላል፣ ይህን አልክድም። ፈረንሳይ ሁለቱንም አገር ስትገዛ የጻፈችው አንድ አሮጌ ወረቀት ተገኘ። ድንበሩ «የወንዙን ዋና ክንድ» ይከተላል ይላል። ዋናው ክንድ የትኛው እንደሆነ ግን አይልም፤ ጸሐፊው ወንዙን በዓይኑ ሳያየው የጻፈው ይመስለኛል። ዋናው ክንድ በደሴቱ ደቡብ የሚሄደው ከሆነ ደሴቱ የኒጀር ነው። በሰሜን የሚሄደው ከሆነ ደግሞ የቤኒን ነው። ይህም የዛሬው ሳይሆን ነፃነት በመጣበት ዓመት የነበረው ነው የሚቆጠረው። ወንዝ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ቆሞ ማንንም አይጠብቅም። መሐንዲሶቹ መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው የዛሬውን ጥልቀት ለክተው ሲያበቁ፣ «ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አለ?» ብለው በየመንደሩ ጠየቁ። ከየመንደሩ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ተጠራ። ከእኛ መንደር አንዱ ሱማና ነበር። ነፃነት ሲመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ይገፋ ነበርና።

የሚያስተረጉመው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ኢሳካ ነበር። ኢሳካ የሱማና የአክስት ልጅ ነው። እኛ ዘንድ የአክስትና የአጎት ልጅ ካልተሰዳደበ ተጣልቷል ማለት ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይሰዳደቡ ነበር።

«ተነስ፣ አንተ የእንቁራሪት ባሪያ፣ ከሩቅ አገር ሊያዩህ መጥተዋል» አለው ኢሳካ፣ ገና ከጀልባው ሳይወርድ።

«አንተ በእግር መታጠቢያ የምትሰምጥ! የት ናቸው?»

«ከኒሙ ሥር። ሸሚዝህን ቆልፍ። ደግሞ የዓሣ ሽታህን ከዚህ ትተኸው ና።»

«አንተን ይዤ እየሄድኩ ምን ሽታ ልተው!»

ከኒም ዛፉ ሥር ወንበር ተደርድሯል። የሁለቱ መንግሥታት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ በመካከላቸው ሁለት የውጭ አገር ሰዎችና አንድ ቴፕ አለ። የመንደሩ ሰው እንዳይቀርብ ተከልክሏል። ሱማና ከወንዙ አንድ እፍኝ ጠጥቶ ማለ፤ የሶርኮ መሐላ ይኸው ነው፤ በሐሰት የማለ ሶርኮን ውሃው ያውቀዋል ይባላል። ስሙን ተናገረ፣ ዕድሜውን ገመተ። ከዚያ ፀጉሩ የሳሳው ፈረንጅ ጥያቄውን ጠየቀ። ነፃነት በመጣ ጊዜ የወንዙ ዋና ክንድ የትኛው ነበር?

ኢሳካ ጥቂት አሰበ። እኛ የወንዝ ክንድን «ዋና» አንለውም። «ትልቁ» ቢለው ሱማና «በየትኛው ወር?» ብሎ መልሶ እንደሚጠይቀው ያውቃል። የተማረ ሰው ነው፣ ያማረ ቃል ይወዳል። «የወንዙ እናት በየት በኩል ነበረች?» አለው።

ኢሳካ በእናቱ የሱማና ዘመድ ቢሆንም አባቱ ገበሬ ነው፤ ሶርኮዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን አያውቅም። ሶርኮ «እናት» የሚለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ክንድ ነው። ጠባብ ነው፣ ሣር የበቀለበት ነው፣ በበጋ ጉልበት አያልፍም። ማንም በመራቢያው ወራት መረቡን አይጥልበትም። ጥልቁን፣ የጭነት ጀልባ የሚሄድበትን ክንድ ግን «መንገደኛው» ይሉታል፤ ያልፋል፣ ይሄዳል፣ ምንም አይወልድም።

«በሰሜን» አለ ሱማና። «በእኛ በኩል። እናቲቱ ከዚያ ተነስታ አታውቅም።»

የኢሳካ ፊት ተለዋወጠ። «አንተ፣ አስበህ ነው የምትናገረው?» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እናቴን አላውቃትም ልትለኝ ነው?»

ኢሳካ ተረጎመ። ከቤኒን በኩል የተቀመጠው ሰውዬ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀበትና ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሱማና በጣቱ ፈረመ። ፍርድ እስኪሰጥ የተናገረውን ለማንም እንዳያወራ ተነገረው። ኢሳካም ተመሳሳይ ቃል ገባ። ሱማና ሲመለስ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ዓሣ እርባታ ይህን ያህል ከተጨነቁ ምናልባት ክልከላውን በሕግ ሊያጸኑልን ይሆናል እያለ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሳካ አልሰደበውም። ሰላም ይለዋል፣ ስለ ቤተሰቡ ይጠይቀዋል፣ ያልፋል። ሱማና ግራ ገባው። «ኢሳካን ምን ነካው? እንዴት አደርክ እኮ ነው የሚለኝ!» ይላል ለሚስቱ ለቢባታ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢሳካ በጉበት በሽታ ተኛ፤ ሱማናም በሽታው ነው ለካ ያስከፋው አለ። ኢሳካ ሞተ፤ ያንን ቃል እንደያዘ ሞተ።

ፍርዱ የተነገረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሱማና ከወንዙ ዳር ጀልባውን ገልብጦ ስንጥቁን በጥጥና በሙጫ እየደፈነ ነበር። ሰዉ በአንድ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቧል። ዜና አንባቢው በእኛው ቋንቋ በዛርማ እያነበበ ነው። ደሴቱ ለቤኒን ተፈርዷል። ምክንያቱም፣ ይላል፣ በነፃነት ጊዜ የወንዙ ትልቁና ጥልቁ ክንድ በሰሜን በኩል ነበር። ለዚህም ከሌላው ማስረጃ ጋር ከሰሜኑ ዳርቻ የመጡ አንድ አዛውንት ጀልባ ገፊ መስክረዋል። ሰው በገዛ አገሩ ጥቅም ላይ ሐሰት አይመሰክርምና ቃላቸው ክብደት ተሰጥቶታል።

«ምላሱ ይድረቅ!» አለ አንዱ።

«ማን ይሆን?»

«ሌላ ማን ይሆናል፣ ከጎረቤታችን ከኮይራ ቴጂ የተጠራው ያ ሰካራም ነው እንጂ! ለአንድ ጠርሙስ እናቱን ይሸጣል።»

ሱማና ጥጡን በአውራ ጣቱ ወደ ስንጥቁ ገፋ። ትልቁ፣ ጥልቁ። ጥያቄው ይህ ነበር ለካ። የተጠየቀው ስለ መንገደኛው ነው፣ የመለሰው ስለ እናቲቱ። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባው። እኔ ብሆን እጮህ ነበር፣ ራሴን እይዝ ነበር። እሱ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እስኪነሳ ጠበቀ፤ ምንም አልተነሳም። ጥጡ እስኪሞላ ደፈነ፣ ሙጫውን ቀባ፣ ወደ ሁለተኛው ስንጥቅ ዞረ።

ያን ዕለት ሊናገር ይችል ነበር። ለመንደሩ ሹም፣ ለዛሊካ፣ ለቢባታ። ምን ብሎ? ከዚያ ወዲያ የተፈረደ ተፈረደ፣ የመንግሥታት ዳኞች ከተናገሩ በኋላ የሚናገር ማን ነው ብሎ አሰበ። ወይም እንዲህ ብሎ እንዳሰበ ኋላ ነገረን። በነገ በነገ ሲል ቀናት አለፉ። የኮይራ ቴጂው ሰካራምም ስድቡን እየጠጣ ኖረ፤ ምስኪን፣ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የቤኒን ሹማምንት በሁለተኛው ወር ሲመጡ በትሕትና ነበር የመጡት። መኖር ትችላላችሁ፣ መታወቂያ አውጡ፣ ግብሩን ወደዚህ ክፈሉ፣ መሬቱ ግን እንደገና ይደለደላል አሉ። በድልድሉ የዛሊካ ማሳ ከማዶ፣ ከማላንቪል ለመጣ ሰው ደረሰ። ሌላ የጠጠር ቁራሽ አሳይተዋት አላማራትም። ሙንካይላ «እንሂድ» አለ፤ ሄዱ።

ሱማና ነው በጀልባው ያሻገራቸው። ጎጆዋን ሲያፈርሱ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ሙንካይላ ከላይ ይነቀንቃል፣ ሱማና ከታች አቅፎ ይይዛል፣ ዛሊካ ገመዱን ትፈታለች።

«ባባ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ እንዳይወድቅብህ» አለችው።

«ይዣለሁ።»

«ደክሞሃል። ትንሽ አረፍ በል፣ ቀሪውን ነገ እንነቅለዋለን።»

«አልደከመኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ድካምም አልተሰማውም።

ዛሊካ ጀልባው ላይ ተቀምጣ ማሳዋን እያየች አለቀሰች። ሱማና እየገፋ ጀርባዋን አየ። ሲገፋ ዘንጉ ወለሉን ነካ፤ አሸዋ ይሁን ጭቃ አላወቀም። እንደገና ተከለው። አላወቀም። እንጨቱ የሆነ ነገር ነክቷል፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ጀልባውን ይገፋል፣ ሰዉም ያለ ችግር ይሻገራል፤ ከአርባ ዓመት በላይ የለመደ ክንድ ሥራውን ያውቃል። እሱ ግን የለበትም። ቢባታ ትኩስ ገንፎ ስታቀርብለት ዝም ብሎ ይውጣል። «ያቃጥላል እኮ፣ ሰውዬ!» ስትለው ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ እሷ «በል አሁን ብላ» እስክትለው ይጠብቃል። ጓደኞቹ ወንዙ ዳር ሲቀልዱ ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ይስቃል። ቢባታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሱ መዳፉን በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረገና «ይሰማዎታል?» አለው። «ይሰማኛል» አለ። አልዋሸም፣ መርፌው ይሰማዋል። ነርሱ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘው። ቢባታ «ሐኪም ነኝ ይላል ደግሞ!» እያለች ቤት እስኪደርሱ ተሳደበች።

ሙንካይላ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር ከተሞች ወረደ። ዛሊካ ከሁለት ልጆቿ ጋር በአባቷ ግቢ ቀረች። ዓሣ በጭስ እያደረቀች ትሸጣለች። የሰው ዓሣ፣ በሰው ምድጃ ማለት ነው፤ የራሷ የምትለው ማሳዋ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የሩዝ መትከያው ወቅት ሲደርስ ወንዙ ዳር ቆማ ወደ ደሴቱ ታያለች። «ዘንድሮ አዘገዩት» ትላለች፣ ወይም «አቤት ሲያራርቁት! እንዲህ ይተከላል እንዴ?» ትላለች። ሱማና «እህ» ይላል።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ሐፕሳቱ መጣች።

ሐፕሳቱ ከዋና ከተማው የመጣች የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ናት። አንድ ጠዋት በሞተር ብስክሌት ተፈናጥጣ፣ አቧራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ምንጣፍ ተነጠፈላት፣ ውሃ ቀረበላት። ዛሊካ እዚያው አጠገብ በሙቀጫ ማሽላ ትወቅጣለች።

«ባባ ሱማና፣ ባዳ አይደለሁም» አለች ሐፕሳቱ። «አያቴ ሶርኮ ናት፣ ከቲላቤሪ።»

«እሰይ። ታዲያ ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እስከ ጉልበትሽ ብቻ ነሽ ሶርኮ» አላት፤ ዛሊካ ሳቀች። ያ አሮጌ ቀልድ ነው፣ ለሁሉም የሚለው፤ አፉ ያውቀዋል።

ሐፕሳቱ ከቦርሳዋ ቴፕ አወጣች። ማኅደሩን በፈረንሳይኛ አሥር ጊዜ አንብባዋለች፤ ቴፑን ግን የሚያዳምጠው ሰው ጠፍቶ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነበር የተገኘው። ቁልፉን ተጫነች። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የኢሳካ።

«እንዴ፣ አጎቴ ኢሳካ!» አለች ዛሊካ፣ ሙቀጫውን ትታ። «ነፍሱን ይማር፣ ድምፁ እንዴት ያምር ነበር!»

ከቴፑ ውስጥ ኢሳካ ጠየቀ፤ የወንዙ እናት በየት በኩል ነበረች? ሱማናም መለሰ። ሐፕሳቱ አጠፋችው።

«አያቴ እናት የምትለው ዓሣ የሚራባበትን ክንድ ነው» አለች። «ጥልቁን አይደለም። እርስዎም እንደዚያ ማለትዎ ነበር?»

«ሌላ እናት አለ እንዴ?»

«ዳኞቹ የጠየቁት ግን ስለ ጥልቁ ነው።»

«አዎ።»

ዛሊካ ዘነዘናውን እንደያዘች ቆማለች። ከአባቷ ወደ ሐፕሳቱ፣ ከሐፕሳቱ ወደ አባቷ አየች። «ያ ራዲዮው ያለው ሽማግሌ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሰደብነው ሁሉ… አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

ዛሊካ ዘነዘናውን ጥላ መጥታ ከአጠገቡ በርከክ አለችና እጁን ያዘችው። «ታዲያ የአንተ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? የጠየቁህ ሌላ፣ የመለስከው ሌላ! አንተ ውሸት አልተናገርክም! አጎቴ ኢሳካም ቢሆን ምን ያድርግ፣ እግዜር ይማረው፣ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቀው።» ወደ ሐፕሳቱ ዞረች። «እህቴ፣ አሁን ይህን ይንገራቸው፣ አይደል? ይነገራቸውና ይመለስ።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች ሐፕሳቱ። ከዚያ በቀስታ፣ ልጅ እንደምታስተምር አድርጋ አስረዳች። ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ሆኖም አንድ ጠባብ በር አለ። በፍርዱ ጊዜ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ግን ነገሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ስድስት ወር ካለፈው ያው ነው፣ ተዘጋ።

«እኔ ቴፑን ከሰማሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው» አለች። «ነገር ግን ምስክሩ እርስዎ ነዎት፣ የእኛ ወገን ምስክር። ማዶዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርስዎን ነው። እርስዎ ያወቁበት ቀን መንግሥታችን ያወቀበት ቀን ነው ብለው ይሟገታሉ። ስለዚህ መቅዳት አለብኝ። ምን እንደሚሉ ልነግርዎ አልችልም፤ አልነግርዎትምም።»

«አሁን ነው እኮ ያወቀው!» አለች ዛሊካ። «አሁን አንቺ ስትነግሪው! አይደል ባባ?»

«ራሳቸው ይናገሩ፣ እህቴ።»

ሐፕሳቱ አዲስ ካሴት ከተተች። ቀዩ መብራት በራ። የዛሊካ እጅ አሁንም በሱማና እጅ ላይ ነው። ፊቷ ላይ ያየው ተስፋ ነው፤ ተስፋ መሆኑን አወቀ፣ እንደ ሰው ስም አወቀው። ማሳዋ አንድ ቃል ርቀት ላይ ነበር። «ዛሬ» ቢል በቃ። «ዛሬ» ማለት ከባድ ቃል አይደለም። ሱማና ውስጡን ፈተሸ። ውሸቱን አገኘው፣ እውነቱንም አገኘው። ሁለቱም እኩል ቀለሉት። ሐቀኛ ስለሆነ አይደለም እውነቱን የመረጠው፤ መንደሩ ኋላ እንዲህ እያለ ቢያወድሰውም እሱ ራሱ እንዲህ አይልም። አፉ አጠገብ የነበረው እውነቱ ስለሆነ ነው።

«የወንዙ እናት ማለትዎና የተጠየቁት ዋና ክንድ የተለያዩ መሆናቸውን መቼ አወቁ?» አለች ሐፕሳቱ።

«ራዲዮኑ በተናገረ ቀን» አለ ሱማና። «ጀልባዬን እየደፈንኩ።»

ሐፕሳቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቴፑን አጠፋችው።

«ሁለት ዓመት» አለች።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር» አለ ሱማና።

የቢባታ ዶሮዎች የፈሰሰውን ማሽላ ሊለቅሙ መጡ፤ ያባረራቸውም የለም። ዛሊካ እጇን ከእጁ ላይ አነሳች። በኃይል አልነበረም። የሰው ዕቃ በስህተት እንዳነሳች ሁሉ ቀስ ብላ ነው የመለሰችው።

«ጎጆዬን ስናፈርስ» አለች፣ «ምሰሶውን ከታች የያዝከው አንተ ነበርክ።»

«እኔ ነበርኩ።»

«ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ አረፍ በል እያልኩህ።»

«አዎ።»

«ያኔ ስድስት ወሩ አላለቀም ነበር።»

«እኔ ስድስት ወር እንዳለ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?»

«ስድስት ወሩን ማን ጠየቀህ!» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ስድስት ወሩን የምታውቀው እሷ ናት። አንተ ለእኔ ‹እኔ ነኝ› ብትለኝ ምን ነበር? አብሬህ አለቅስ ነበር። ለሰው እናገር ነበር፣ ሰው ለሹሙ ይናገር ነበር፣ ሹሙ ለከተማ። እንዲህ ነው እኮ ነገር የሚሄደው። ለምን ዝም አልክ?»

ሱማና መልሱን ፈለገ። አፍሬ፣ ፈርቼ ቢላት ትረዳው ነበር። ግን አላፈረም፣ አልፈራም፤ ምንም አልሆነም። ይህን ደግሞ ለልጅ እንዴት ይነገራል?

«እንጃ» አላት።

ሐፕሳቱ ዕቃዋን ሸከፈች። እንዲያም ሆኖ ለአለቆቿ እንደምታቀርበው ተናገረች፤ ተስፋ እንደሌለው ግን ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ምሳ እንድትቆይ ቢባታ ብትለምናት ፀሐይ ሳይከር ልሂድ ብላ በመጣችበት ሞተር ሄደች።

ዛሊካ የወደቀውን ዘነዘና አነሳች፣ ማሽላውን ሰበሰበች፣ ወቅጣ ጨረሰች። አላኮረፈችም፣ ዕቃ አልወረወረችም። ምሳው ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ለአባቷ በቅል አቀረበችለት፤ በሌላ እጇ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዛለች። ከፊቱ በርከክ አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

«ባባ፣ እጅዎን ይታጠቡ» አለችው።

ሱማና እጁን ሊዘረጋ ሲል ቆመ። ይህች ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ አባቷን አንተ ነው የምትለው። እርስዎ የምትለው የመንደሩን ሹም ነው፣ ለግብር የሚመጣውን ነው፣ የማታውቀውን መንገደኛ ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ምንም ያልነካው ሰውዬ ይህን ሰማው። አመመው። የዋጠው ሁሉ፣ ጎጆው፣ ማሳው፣ ኢሳካ፣ የኮይራ ቴጂው ሰካራም፣ ሁሉም በአንድነት መጣበት።

«ዛሊካ» አላት፣ «አንተ በይኝ።»

«እሺ፣ ባባ» አለች፣ ውሃውን በእጁ ላይ እያፈሰሰች። «ይብሉ።»